የገንዘብ ያዡ ሪፖርት

ሰብሳቢያችን ናዌል፣ የተከበራችሁ አባላት በሙሉ፣
(ዐሥራ አንድ ነበርን፤ ሁለቱ ቀርተዋል «ፈተና አለን» ሲሉ፤)
የምድርና የአየር ማኅበራችንን የዓመቱን ሒሳብ
ደረሰኝ ባለበት በደረሰኝ ላንብብ፣
ደረሰኝ በሌለው እንደነበር ላስብ።

ገቢ።
ከአባልነት መዋጮ፦ ሰባት ሰው ከፍሏል።
(ኢሳውሮ ሁለቴ። ረስቶ ነው። እኔም ረስቻለሁ፣ ይቅር ይለኛል።)
ከእምፓናዳ ሽያጭ፦ ሥጋው አለቀና በሽንኩርት ሞልተን፣
የሕግ ተማሪዎች ሳያውቁ በልተውት ደህና ፔሶ አገኘን።
ከዲኑ ቢሮ፦ ምንም። ደብዳቤ ግን አለ፣ ባለ ሁለት ማኅተም።

ክፍላችን ምድር ቤት ነው፤ የማሞቂያው ቧንቧ ያንጠባጥባል፤
መሐሉ ላይ ያለው ቢጫ ፕላስተር ወለሉን ይከፍላል።
በዚህ በኩል ድንጋይ፦ ባዛልት፣ መዶሻ፣ የቀንድ አውጣ ቅሪት፤
በዚያ በኩል ሰማይ፦ ባሮሜትር፣ ካርታ፣ የሮሲዮ ጃኬት።
ሰማዮች ሲሉን፦ «ሚሊዮን ዓመት ስትቆጥሩ ምሳ ትረሳላችሁ።»
እኛም ስንመልስ፦ «እናንተ ነገን እንኳ ትገምታላችሁ።»
እኔ ድንጋይ ነኝ። ወንበሬ ያለው ግን ፕላስተሩ ላይ ነው፤
ሣጥን የያዘ ሰው ወገን አያምረው።

ወጪ።
ሂሊየም፣ አንድ ሲሊንደር። ፊኛ፣ ነጭ፣ አንድ። ባትሪ፣ አራት ፍሬ።
ካርቶን፦ በነጻ፤ ጫማዬ የተገዛበት ነው፣ አምና ወይ ዘንድሮ፣ እንጃ።
ገመድ፣ አርባ ሜትር።
ገመዱን እንለፈው። እመለስበታለሁ።

በጥቅምት፣ በዚህ አገር ጸደይ በሚሉት ወር፣
ፊኛውን ለቀቅነው ከስታዲየሙ በር።
የኮሞዶሮ ነፋስ፣ ታውቁታላችሁ፣ ሰላምታ አያውቅም፤
ቀኝ እጅ ዘርግቶ ግራ ጉንጭ ይመታል፣ ይቅርታም አይልም።
ወሰደው።
ሃያ አንድ ኪሎ ሜትር ሽቅብ እንደ ወጣ ድምፁ ተቋረጠ፤
ሮሲዮ ስክሪኑ ላይ እንደ ፈዘዘች ቸኮሌቷ በእጇ ቀለጠ።

በዐሥራ ሰባተኛው ቀን ስልክ ተደወለ።
«የጫማ ካርቶናችሁ በጎቼ መሐል ነው። ኑና ውሰዱ።
ዳቦ ግን ያዙልኝ፤ ሱቁ ሩቅ ነው መንገዱ።»
ወይዘሮ ኤሉኔድ ይባላሉ፤ ከዌልስ በመርከብ የመጡ ሰዎች ዘር፣
ቤታቸው ብቻውን የቆመ፣ እንደ ተረሳ ቁጥር።

ነዳጅ፦ ደርሶ መልስ፣ ደረሰኝ ቁጥር ዐሥራ አራት።
ዳቦ፦ ስድስት። (አንዱን መንገድ ላይ በላነው፤ አምስት በሉት።)

ጉድጓዳቸው ነጥፏል። «የተማራችሁ ናችሁ» አሉ፣
«ውሃዬ መቼ ይመለሳል?»
ድንጋዮች ጎንበስ አልን፣ አፈሩን በጣታችን ፈተግን፤
ሰማዮች ቀና አሉ፣ ዓይናቸውን በእጃቸው ከልለው።
ከዚያ ተያየን። ፕላስተር በሌለበት በዚያ ባዶ ሜዳ
ዘጠኝ ሰው «አላውቅም» አለ፣ ባንድ አፍ፣ እንደ እንግዳ።

አልተቀየሙንም። ገብተው ደብተር ይዘው ወጡ፤
አርባ አንድ ዓመት፣ በየማለዳው፣ የዝናቡን መጠን የሰጡ፦
በወይን ብርጭቆ፣ ከሰርጋቸው ዕለት ከተረፈው አንዱ፣
በጣት እየለኩ። «ግማሽ ጣት።» «ምንም።» «ምንም።» «ምንም።»
«ሁለት ጣት፤ ባሌን ቀበርን።»
«ምንም።»

ፊኛችን ሰማይን አንድ ከሰዓት አየ፤
ያ ብርጭቆ ግን ከመስኮቱ ደፍ አልተለየ።

ስለዚህ አዲስ አባል፦ አንዲት፣ ዕድሜ ሰባ ስምንት።
ድምፅ፦ ሰባት ድጋፍ፣ ሁለት ተቃውሞ።
(ኢሳውሮ «ደንቡ ተማሪ ይላል» አለ። ልክ ነው፣ ይላል።)
መዋጮ፦ አንድ ደብተር፣ በውሰት። ግማሹን ገልብጠናል፤
ከመሐላችን ማን ድንጋይ፣ ማን ሰማይ፣ ሲገለብጥ ይረሳል።

ቀሪ በሣጥን፦ ሦስት ሺህ ሁለት መቶ ፔሶ፣
እና የማን እንደሆነ ያልታወቀ ቁልፍ።

ገመዱ።
የበረታቸው መወርወሪያ በነፋስ ተሰብሮ ነበር፤
በእኛ ገመድ ጠፍረውታል፣ ሦስት ዙር።
ልፈታ ስጠጋ ነፋሱ መጣ፣ በሩን በትከሻው ገፋ፤
ገመዱ ጠበቀ። አልለቀቀም።
እጄን ኪሴ ከተትኩ።

አርባ ሜትር። ደረሰኝ የለም።
ሥራ ላይ ነው።